የፈርዳ ኮ ችሎት

ለቅሶ እየሄድኩ ሳቅሁ። እውነቴን ነው፤ ያውም ፈገግታ አይደለም፣ ትከሻዬ እየተርገፈገፈ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ብጭነውም አልታፈን እያለኝ። ሚኒባሱ ዴራን ለቆ ወደ አሰላ ዳገቱን ሲያያዘው ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ስልኩ እየተቆራረጠበት «ማል? ማል?» ይላል። ያኛው ወገን አልሰማ ሲለው ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማል?» ይደግማል። በኦሮምኛ «ምን?» ማለቱ ነው እንጂ ልጁ ምንም አላጠፋም። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ጥቁር መልበሴን አየች፣ ሳቄን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። አልፈርድባትም። ላስረዳሽ ብላት ከየት እጀምርላታለሁ? የምሄደው የኦቦ ኤዳኦን ለቅሶ ልደርስ ነው። የጓደኛዬ የከዲጃ አባት ናቸው፤ ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው ነው የሞቱት። እሳቸው ከአባቴ ጋር ለዓመታት የተኳረፉትም፣ በኋላ የታረቁትም ልጁ ስልኩ ላይ በሚጮኻት በዚችው ቃል ነው።

አሰላ ያኔ እንደዛሬው ወደየአቅጣጫው አልተለጠጠችም። አንድ ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ከላይ ጭላሎ። ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሲሞላው የጋሪው ደወል ይሰማል እንጂ ጋሪው አይታይም ነበር። ከጎሚስታው ጥግ ባለችው ሻይ ቤት ሻይ በአስር ሳንቲም፣ እጅ የሚያቃጥል ፓስቲ በአምስት ሳንቲም፤ ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው እንደ ተረት ነው የሚሰሙኝ። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ነው የሚደረስበት፤ የዚያን ዘመን ዘፈን ከመጀመሪያው የሰማሁት ያለ አይመስለኝም። ወንዶቹ ቦላሌ ሱሪያቸው ጭቃውን እየጠረገላቸው ይሄዳሉ። እኛ ሴቶቹ የናይለን ሻሽ፣ ከጉልበት በታች የወረደ ጉርድ፣ እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ ጫማን የማያውቅ ሰው አሰላን አውቃለሁ አይበለኝ፤ ክረምት ላይ ውሃ ያስገባል፣ በጋ ላይ እግር ይቀቅላል፣ ከታጠበ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ስኳር በካርድ ነው፣ ሳሙና በካርድ ነው፣ ለዳቦ ሰልፍ አለ። ክፉ ዘመን አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበር እንጂ፣ ስንቱን ቤት ያጎደለ ዘመን ነው። እሱን የሚጽፉት ሌሎች አሉ፤ እኔ የማወራው ስለ ቀበሌያችን አዳራሽ ነው።

አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ዝናብ ሲመጣ ሊቀመንበሩ አፉን ሲያንቀሳቅስ እናያለን እንጂ የሚለው አይሰማም፣ ደግሞም ማንም ቅር አይለውም። እሁድ ጠዋት የጽዳት ዘመቻ፣ ከዚያ ስብሰባ። መቅረት አይታሰብም፤ የቀረ ሰው ስኳሩ ይቀርበታል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይመጣል፣ ግን አይገናኝም። መስኮቱ ሥር እኛ እንቀመጣለን፣ ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው የሰፈሩት። በሩ አጠገብ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችን፣ ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ ተመድበው የመጡት መምህራን፣ ነርሶችና የቢሮ ሰዎች። ሊቀመንበሩ ሲናገር መስኮቱ ሥር ያንቀላፋል፣ በሩ አጠገብ በሹክሹክታ ይተረጎማል፣ ፊት ያለው ያጨበጭባል። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም በመጣበት መንገድ ይሄዳል። እንዲህ ሆነን አንድ ቦኖ ውሃ ነበር የምንቀዳው።

የቀበሌው ኪነት ውስጥ እኔም ከዲጃም ነበርን። ካኪ ልብስ ተሰፍቶልናል፤ የእኔው እጅጌው ረዝሞ ጣቴን ይውጠው ነበር። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እንዘምራለን፣ ቀጥሎ ድራማ እናሳያለን። ድራማው ሁልጊዜ አንድ ነው። ሆዱ ላይ ትራስ የታሰረ ከበርቴ ይመጣል፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ በመጨረሻ ይሸነፋል። ትራሱ የእናቴ ነበር፤ እሁድ ማታ ሳላስበው ተሸናፊው ከበርቴ ላይ ነው ራሴን የማሳርፈው። ታዲያ አንድ ዓመት ከጎጃም ጋሽ ደምሴ የሚባል መምህር ተመድቦ መጣና ኪነቱን ያዘ። ቀጭን፣ አፍሮው ከራሱ የሚከብድ፣ ብርዳችንን ፈጽሞ ያልቻለ ሰው ነው፤ ሁለት ሹራብ ደርቦ ያስተምር ነበር። ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። ገና እንደመጣ ትራሱን ለእናቴ መለሰላትና አዲስ ድራማ ጻፈ። ድራማው ይፈቀድ ተብሎ ወደ ላይ ሄደ፤ ሲመለስ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ተሰርዞ የቀረው የተዋንያኑ ስምና «መጋረጃ ይዘጋል» የሚለው ብቻ ነበር። ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ካልተጻፈ ምኑን ይሰርዙታል አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳንጽፍ፣ ሳናጠና፣ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠርን መጫወት ጀመርን። እኛ ስሙን «ድንገቴ» አልነው።

ድንገቴ ሕጉ አንድ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ «ጉርሻ» ይለዋል። ሰው ጉርሻ ሲዘረጋልሽ ምን ወጥ ነው ብለሽ አትጠይቂም፣ አፍሽን ትከፍቻለሽ፣ ቀጥሎ አንቺም ታጎርሻለሽ፤ መድረክ ላይም እንደዚያ ነው ይለን ነበር። ጓደኛሽ አያቴ ነሽ ካለችሽ አያቷ ነሽ። ዶሮ ነሽ ካለችሽ ዶሮ ነሽ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ እንቁላል ትጨምሪላታለሽ። አንዳችን ጭራሽ እምቢ ስንል ወይ ስንደናገጥ ከመጋረጃው ጀርባ «ጉረስ!»፣ «ጉረሺ!» ይለናል። መጀመሪያ ላይ ማፈሬን አልደብቅም። ሰው ፊት ሳያጠኑ መቆም ራቁት የመቆም ያህል ነበር የሚጨንቀኝ። ከዲጃ ግን አፏ አይያዝ፣ ዓይኗ አይያዝ፣ ከእናቷ ሆድ ጀምሮ ድንገቴ ስትጫወት የኖረች ነው የምትመስለው።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዱ ወደ ሕዝቡ ዞሮ የት ነን፣ ምንድን ነን ብሎ ሲጠይቅ አንዲት እናት «ሰልፍ ላይ!» አሉ። ያኔ ስኳር ሰልፍ ላይ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄድ ነበር፤ ድንጋዩ ተራ ይይዝለታል። ከዲጃ ተነሥታ መድረኩ መሐል ጉብ ብላ ተቀመጠችና በኦሮምኛ «እኔ የወይዘሮ ብርቄ ድንጋይ ነኝ» አለች። እኔም አጠገቧ ጉብ አልኩና በአማርኛ የመምህሩ ድንጋይ መሆኔን፣ አዲስ ተመድቤ መምጣቴን፣ ቋንቋ አለማወቄን ነገርኳት። ሁለት ድንጋዮች የባለቤቶቻቸውን ጉድ ማውራት ያዝን። የእሷን በሩ አጠገብ ያሉት ቀድመው ይስቁበታል፣ የእኔን መስኮቱ ሥር ያሉት። ቀድሞ የሳቀው ያልገባውን ያሾፍበታል፣ ያልገባው ደግሞ ምን አለች፣ ምን አለች እያለ አንገቱን ያዞራል። ለትርጉም አንገቱን ያዞረ ሰው እሁድ እሁድ እያለ ወንበሩንም ማዞር ጀመረ። አንድ ቀን ከመድረክ ቁልቁል ሳይ በሩ አጠገብ ያሉትና መስኮቱ ሥር ያሉት ተደበላልቀዋል፤ ወይዘሮ ብርቄ ራሳቸው የከዲጃን እናት ክንድ ይዘው ይስቃሉ። ጋሽ ደምሴ ያን ቀን ደስታው ብርዱን ሁሉ አስረሳው፣ አንዱን ሹራብ አወለቀ።

ያልተደባለቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ አባቴ ዘውዴና ኦቦ ኤዳኦ። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ሆኖም በመሐል በር ስለሌለ እኔና ከዲጃ ለመገናኘት በዋናው መንገድ ዞረን ነበር የምንሄደው፣ ያውም ቤት አንገባም። አባቶቻችን መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ጫማውን። ምክንያቱን የነገረን የለም። እኔ የአጥር ጠብ ይመስለኝ ነበር፣ እሷ ደግሞ የሃይማኖት ነገር ይመስላት ነበር። ከዲጃ ኪነቱ ውስጥ የቆየችውም ቀበሌው ስላዘዘ ነው እንጂ አባቷ ወደው አይደለም፤ ከዘውዴ ልጅ ጋር ከአዳራሹ ውጪ እንዳላይሽ ብለዋታል። ከእሷ የሚለየኝ አንዲት ምክንያት ትበቃ ነበር፣ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

አባባ በጃንሆይ ጊዜ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ በዓል ሲሆን እንግዳው ሁሉ «ዘውዴ፣ እስቲ ያቺን የባላገሩን» ይላቸዋል። ያቺ የባላገሩ ይህች ናት። አንድ ሰው ፈረሱን ተቀምቶ ከሰሰ። ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚችለው። ዳኛው ፈረሱ ያንተ ከሆነ መሐላ ፈጽም ለማለት «ማል!» አሉት። ሰውየው «ምን?» ያሉት መስሎት «ፈርዳ ኮ!» አለ፤ «ፈረሴን!» ማለቱ ነው። ዳኛው ደግሞ ኦሮምኛ አያውቁም፣ በአማርኛ ሰሙት፤ «ፈርዳ ኮ!»፣ አንዲት ሴት ፈርዳለች ማለቱ መሰላቸው። «ማን ናት የፈረደችው? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?» ብለው ጮኹ። እንደገና «ማል!» አሉት፤ እሱም ጆሯቸው ከብዶ ይሆናል ብሎ አዳራሹ እስኪናጋ «ፈርዳ ኮ!» አለ። አባባ ሁለቱንም ድምፅ ይችሉበታል፤ እንግዳው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። እኔም በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሰምቼ ስንት ጊዜ ስቄአለሁ። ሰውየው ስም አልነበረውም፣ አንድ ባላገር ነው በቃ።

ታዲያ አንድ እሁድ እንዲህ ሆነ። ጋሽ ደምሴ የት ነን ሲል መስኮቱ ሥር አንዱ «ችሎት!» አለ። ሌላው ቀጠል አድርጎ «ፈረስ የተቀማ ሰውዬ!» ሲል እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ገና ሳንጀምር ተሳሳቁ። እኔ ዳኛ ሆንኩ፣ የሊቀመንበሩን የጠረጴዛ ልብስ ካባ አደረግሁት። ከዲጃ ከሳሽ ሆነች፤ ፈረሷን እንዴት እንደተቀማች በኦሮምኛ እየነገረችኝ አለቀሰች፣ ታለቅስ የለም እንዴ ስትፈልግ። እኔም የአባባ ጨዋታ ትዝ ብሎኝ «ማል!» አልኳት። ጨዋታውን ሰምታው አታውቅም፣ ከየት ሰምታው። ወደ ኦሮምኛ የዞርኩላት መስሏት ወዲያው ጎረሰችው፤ «ፈርዳ ኮ!»። «ማን ናት የፈረደችው?» ስል አዳራሹ ፈነዳ። ከመስኮቱ ሥር ሰው ወንበር ላይ ቆሞ ሳቀ። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ግን ዝም አሉ። ከመሐላቸው ኦቦ ኤዳኦ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወጡ። አባባን አየኋቸው፤ በዚህ ጨዋታ ሳይስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዲጃ ከዚያ ወዲያ ወደ ኪነቱ አልመጣችም። ቦኖ ውሃ ላይ አገኘኋት፤ እንስራዋን ትሞላለች፣ በእኔ በኩል ሰው የቆመ አትመስልም። ምን አጠፋሁ ብዬ ለመንኳት። እንስራውን አነሣች፣ አልፋኝ ከሄደች በኋላ ሳትዞር «የምትስቁበት ሰውዬ አባቴ ነው» አለችኝ። ውሃውን ሳልቀዳ ነው የተመለስኩት።

ማታ አባባን ጠየቅኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ነገሩኝ። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ያን ቀን በቆጂ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ከሳሹ ኤዳኦ ነው፣ ያኔ ጎልማሳ ነው። አባባ ከዳኛው ሥር ቁጭ ብለው ይጽፋሉ፤ ኦሮምኛውን ደግሞ ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የለመዱት፣ ከእኔም ከከዲጃም ይበልጥ ይችሉታል። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ያልቅ ነበር። ግን ዳኛው ሳቁ፣ ጠበቃው ሳቀ፣ ችሎቱ ሙሉ ሳቀ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ዳኛው ሰውየው አልምልም ብሏል፣ በዚያ ላይ በችሎቱ አላግጧል ብለው ፈረሱን ለተከሳሹ ፈረዱ። ኦቦ ኤዳኦ ሲወጡ ኦሮምኛ የሚያውቀውን ጸሐፊ ዞረው አዩት፤ አባባ ያን አስተያየት ነው ዕድሜ ልኬን ስሸሽ የኖርኩት አሉኝ። ታዲያ ለምን ሲያወሩት ኖሩ አልኳቸው። «ሰው ሲስቅልኝ የሚቀለኝ መስሎኝ» አሉ። አዘንኩላቸው፣ ተናደድኩባቸውም።

ለጋሽ ደምሴ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። እሱ ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ እንባው እስኪፈስ ስቋል፤ ኦሮምኛውን ስለማያውቅ ምኑ እንደሚያስቅ እንኳ ግማሹ አልገባውም ነበር። ሁለት ቀን አሰበበትና ያንኑ ችሎት እንደገና እንጫወተዋለን አለኝ። አበድክ ወይ አልኩት። አልጨረስነውም እኮ፣ ሰው የወጣበት ጨዋታ አላለቀም አለ። እኔ ፈራሁ። ከዲጃ ጭራሹን ጠላቴ ሆና ብትቀርስ? አባባ ሰምተው አልመጣም አሉ፤ ደግሞስ እናቴ ስኳሩን ታስቀራለች እንዴ፣ ኮታቸውን ራሷ አልብሳ ይዛቸው መጣች።

እሁድ ደረሰ፤ ሰዉ እንደ ድሮው ተለያይቶ በሩ አጠገብና መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የጠረጴዛ ልብሱን ደርቤ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የከሳሹ ቦታ ባዶ ነው። ከዲጃ ከኋላ ከሴቶቹ መሐል ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ቁጭ ብላለች፤ ኦቦ ኤዳኦ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ስማቸው እስኪመዘገብ ነው እንጂ አንድ እግራቸው ውጪ ነው። ጋሽ ደምሴ ያለፈው ችሎት መሆኑን ተናግሮ ሰው ጎድሎናል፣ ማን ይገባል አለ። ማንም አልተነሣም። ጣሪያው እንኳ ያን ቀን ዝናብ አጥቶ ዝም ብሏል። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር አባባ ብድግ አሉ። ሰዉ ጨዋታዋን ሊያወሩለት መስሎት ገና ሲራመዱ መሳቅ ጀመረ። እሳቸው ወደ ከሳሹ ቦታ አልሄዱም። ከዳኛው ወንበር ጎን፣ አስተርጓሚ የሚቆምበት ላይ መጥተው ቆሙ።

«አስተርጓሚ ጠፋ ተባለ እንጂ» አሉ፣ «እኔ እዚያው ነበርኩ።»

ሳቁ ቆመ። አባባ በእጃቸው በይ ቀጥይ አሉኝ። እኔም «ማል» አልኩ። እሳቸውም ወደ በሩ ዞሩና በኦሮምኛ፣ እኔ ከአፋቸው ሰምቼው በማላውቅ በሚያምር ኦሮምኛ፣ ኦቦ ኤዳኦ ብለው ጠሯቸው። ዳኛው ምን ብለው መጠየቃቸው አይደለም አሏቸው። በአማርኛ «ማል» ማለት «ከከዹ» ማለት ነው፣ መሐላህን ነው የሚፈልጉት፣ ይህን ያን ጊዜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፣ አውቄ ዝም አልኩ፣ አብሬ ሳቅሁ። ሁሉንም አሉት፣ አንድም አላስቀሩ። በሩ አጠገብ ያሉት ለመስኮቱ ሥር ሰዎች በሹክሹክታ ተረጎሙላቸው።

ኦቦ ኤዳኦ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ውጪ ያለችው እግራቸው ትገባ ይሆን ትወጣ ይሆን እያልኩ እሷን ብቻ ነበር የማየው። ገባች። ሰው መንገድ ከፈተላቸው፤ ቀስ ብለው መጥተው ባዶው ቦታ ላይ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ በጠራ አማርኛ፣ ከማንኛችንም ባልተናነሰ አማርኛ ተናገሩ። እሳቸው አማርኛ ሲናገሩ ሰምቶ የሚያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። ለካ ከዚያ ችሎት ወጥተው ቋንቋውን አንድ በአንድ ተምረውት፣ አፋቸው ውስጥ ቆልፈውበት ኖረዋል።

«ፈረሱ የእኔ ነው» አሉ። «ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። እናቱ ስትሞት በእጄ ወተት እያጠጣሁ ነው ያሳደግኩት። እምላለሁ።»

እኔ ዳኛ መሆኔ ጠፋኝ። እንባዬ መጣ፣ ጨዋታ መሆኑን ሁሉ ረሳሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ደምሴ በለሆሳስ «ጉረሺ» አለኝ። ተነሥቼ ቆምኩ፤ የጠረጴዛ ልብሱ ከትከሻዬ ሲንሸራተት በአንድ እጄ ያዝኩት። ፈረሱ የእርስዎ ነው፣ ይመለስልዎ ብሎ ችሎቱ ፈርዷል አልኩ። ኦቦ ኤዳኦ እኔን አዩኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ በጠረጴዛ ልብስ የተጠቀለልኩ ሴት ዳኛ። አባባን አዩ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ፈርዳ ኮ» አሉ።

በኦሮምኛ ፈረሴን ነው። በአማርኛ ደግሞ ፈርዳለች እኮ ነው፣ ይህችው ልጅ። መጀመሪያ የገባት ከዲጃ ናት፤ ከኋላ የእሷ ሳቅ መጣ፣ ያ የማውቀው፣ የማይያዘው። ከዚያ በሩ አጠገብ፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር፣ ከዚያ ፊት ወንበሩ፤ ያን ቀን የሚተረጎምለት ሰው አልነበረም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሳቀው። አባባ ብቻ አልሳቁም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር፤ ኦቦ ኤዳኦ ናቸው ክንዳቸውን ይዘው ከመድረኩ ያወረዷቸው። አባቴን የዚያን ቀን ያህል ወድጄያቸው አላውቅም።

ፈረሱስ እንዳትሉኝ፤ ፈረሱ የት ይመጣል፣ ያኔ ሞቶ ስንት ዓመቱ። ግን ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው መጥረቢያ ይዘው አጥሩ ላይ በር ከፈቱ፣ ከዲጃም ወደ ኪነቱ ተመለሰች። ጠዋት አባባ በዚያች በር ብቅ ይሉና «ማል?» ይላሉ፣ ኦቦ ኤዳኦ ከጓሯቸው «ፈርዳ ኮ!» ይላሉ። እንደምን አደርክ፣ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። የሰፈሩ ልጆች ከመጀመሪያው የመድረክ ችሎት ወዲህ በሹፈት ይሉት የነበረውን ቃል አሁን ለሰላምታ አደረጉት። ጋሽ ደምሴ ብዙም አልቆየም፤ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውን የነገረን የለም። በእሱ ቦታ የተተካው ሰው እናቴን ትራሱን መልሺ አላት።

አባባ ያረፉት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ቀብራቸው ላይ ኦቦ ኤዳኦ አንድ ዳማ ፈረስ በሙሉ ጌጡ ጭነው፣ ማንም ሳይቀመጥበት እየሳቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጡ። እንዲህ የሚደረገው ለፈረሰኛ ሰው ነው፤ አባባ በሕይወታቸው ሙሉ ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም። ከሁሩታ የመጡ ዘመዶቻችን ግራ ገብቷቸው የማን ፈረስ ነው ብለው ጠየቁ። ኦቦ ኤዳኦ ልጓሙን እንደያዙ የዘውዴ ነው አሏቸው።

ሚኒባሱ መናኸሪያ ገባ። ጎረምሳው ስልኩን ዘግቶ፣ ሻንጣዬን ሳልጠይቀው አወረደልኝ፤ እናቴ ይበርቱ አለኝ፣ ሳቄን ግን እንዳልረሳው ዓይኑ ያስታውቃል። ባለጋሪ ፈልጌ አጣሁ፣ አሁን ሁሉም ባጃጅ ነው። የድሮውን መንገድ ስንሄድ ጎሚስታው የነበረበት ጥግ ባለ ፎቅ ሆኗል፣ ጭላሎ ግን እንደልማዱ ጉሙን አውርዶ ይጠብቀኛል። መንገድ ላይ ለከዲጃ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር። ጌታዬ ያጽናሽ ልበላት፣ አላህ ይርሐማቸው ልበላት፣ አባትሽ አባቴም ነበሩ ልበላት፣ ሁሉንም እያገላበጥኩ ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ከዲጃ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣች፤ ሸብታለች፣ አጥራለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና እያለቀሰች በጆሮዬ «ማል?» አለችኝ።

«ፈርዳ ኮ» አልኳት።

እንደተቃቀፍን ሳቅን፣ ያ የድሮው ሳቃችን ነው፣ አልያዝ አለን። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ምን እንደነካን ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አብረውን ይስቁ ነበር።